ዚንኩን ከቅሪት ክምር ያወጣው አረፋ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ማዕድን ማጣሪያ ነው። በወፍጮ የደቀቀ ድንጋይ በውሃ ይበጠበጣል፣ ጥቂት ኬሚካል ይጨመርበታል፣ አየር ይነፋበታል። ከዚያ ማዕድኑ ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ሲወጣ ተራው ድንጋይ ከታች ይቀራል። የሙያው ሰዎች ይህን ዘዴ ፍሎቴሽን ይሉታል። የማዕድን ምሕንድስና ተማሪዎች ምናልባት በቤተ ሙከራ አይታችሁታል፤ ለሌሎቻችሁ ግን ከሥሩ እንጀምራለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የቤታችሁ ጣሪያ ቆርቆሮ ብረት ነው። እንዳይዝግ የሚጠብቀው በላዩ የተለበጠው ስስ ዚንክ ነው። የመኪናው ባትሪ ውስጥ እርሳስ አለ፣ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው የመብራት ሽቦ መዳብ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከምድር ሲወጡ አብዛኛውን ጊዜ ከድኝ ጋር ተጣምረው ነው የሚገኙት፤ ሰልፋይድ ማዕድን የምንለው ይህንን ነው። የእርሳሱ ጋሌና፣ የዚንኩ ስፋለራይት፣ የመዳቡ በብዛት ቻልኮፓይራይት ይባላል። በየቦታው የማይጠፋ አራተኛም አለ፤ ፓይራይት። ብረትና ድኝ ብቻ ነው፤ ወርቅ መስሎ እያብረቀረቀ ብዙ ሰው አታሏል፤ ማጣሪያው ውስጥ ደግሞ ባልተጠራበት እየገባ ሥራ ያበላሻል።

ችግሩ እነዚህ ሁሉ በአንድ ዓለት ውስጥ ተሰባጥረው መገኘታቸው ነው። ከመቶ ኪሎ ዓለት ውስጥ ዚንኩ አምስት ወይም አሥር ኪሎ ቢሆን ጥሩ ማዕድን ነው ይባላል። አቅላጩ ፋብሪካ ግን ግማሽ ያህሉ ዚንክ የሆነ ዱቄት ካልመጣለት አይገዛም። ይህ ከአምስት በመቶ ወደ ሃምሳ በመቶ የሚደረግ ጉዞ እንዴት እንደተቻለ ለማወቅ ወደ አውስትራሊያ መሄድ አለብን፤ ብሮክን ሂል ወደምትባል በረሃማ ከተማ።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

በ1883 ቻርልስ ራስፕ የሚባሉ፣ በአንድ ሰፊ የበግ እርሻ ድንበር እየጠበቁ የሚኖሩ ሰው፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ምዕራባዊ ጫፍ ካለች ወጣ ገባ ኮረብታ ላይ ይዞታ አስመዘገቡ። ኮረብታዋ ብርና እርሳስ የሞላባት ሆነች። የላይኛው ንብርብር በዝናብና በአየር ተቃጥሎ የተለወጠ ስለነበር በቀላሉ ይቀልጥ ነበር፤ ኩባንያዎቹም በፍጥነት ከበሩ። ቁፋሮው ወደ ታች በዘለቀ ቁጥር ግን ያልተነካው ሰልፋይድ መጣ፤ ጋሌናና ስፋለራይት እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው።

በዚያ ዘመን መለያው ዘዴ ክብደት ነበር። የደቀቀውን ዓለት በውሃ እያንቀጠቀጡ ከባዱ እንዲሰፍር ማድረግ። ጋሌና ከውሃ ሰባት እጥፍ ተኩል ስለሚከብድ ያለ ብዙ ችግር ወረደ። ስፋለራይት ግን ከውሃ አራት እጥፍ ያህል ብቻ ነው የሚከብደው። የብሮክን ሂል ተራ ድንጋይ ደግሞ ተራ አልነበረም፤ ሮዶናይትና ጋርኔት የሚባሉ ከባድ ድንጋዮች ናቸው፤ ሮዶናይቱ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ፣ ጋርኔቱ አራት እጥፍ ገደማ። እንግዲህ አስቡት፤ ዚንኩና አብሮት ያለው ድንጋይ እኩል ከከበዱ በክብደት መለየት ከየት ይመጣል? እርሳሱ ተወስዶ ዚንኩ ከድንጋዩ ጋር ተጣለ። በማዕድን ማውጫዎቹ ዙሪያ በሚሊዮን ቶን የሚቆጠር ቅሪት እንደ ኮረብታ ተከመረ። ሁሉም ሀብት እንዳለበት ያውቃል፣ ማንም ሊያወጣው አልቻለም።

መፍትሔው ከክብደት ውጭ ሌላ ልዩነት መፈለግ ነበር። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ዘይት የብረታ ብረት ማዕድንን እየመረጠ እንደሚይዝ ካስመዘገቡት ቀደምቶች አንዷ ካሪ ኤቨርሰን የተባሉ አሜሪካዊት ናቸው፤ ፓተንታቸው የወጣው በ1886 ነው፤ ዘይትና አሲድን አንድ ላይ መጠቀምን ይጨምራል። ስለ እሳቸው የሚወራ ታሪክ አለ፤ ዘይት የነካው የማዕድን ጆንያ ሲያጥቡ ድንጋዩ ሲንሳፈፍ በአጋጣሚ አዩ ይባላል። አታምኑት። ፓተንቱን ያነበበ ሰው ሆን ብሎ የመረመረ አእምሮ ነው የሚያየው፤ ግን ሴት ልጅ አንድ ነገር ስትፈለስፍ ልብስ ስታጥብ ካልሆነ የማይዋጥለት ብዙ ሰው ነበር።

በ1898 በእንግሊዝ ፍራንክ ኤልሞር በብዙ ዘይት የሚሠራ ዘዴ አወጡ። ሠራ፤ ነገር ግን ዘይቱ ከዓለቱ ክብደት ጋር የሚፎካከር ስለነበር ወጪው አይቻልም። በብሮክን ሂል ደግሞ ፖተርና ዴልፕራት በየፊናቸው፣ በ1901 እና በ1902፣ ትኩስ አሲድ በቅሪቱ ላይ አፈሰሱ፤ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ካርቦኔት ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ስፋለራይቱን ይዞ ተንሳፈፈ። ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ኦገስት ደ ባቬይ የሜልቦርን የቢራ ፋብሪካ ኬሚስት ነበሩ። አረፋ የለመደ ሰው አረፋ አያስደነግጠውም መቼም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1905 ነው። ሱልማን፣ ፒካርድና ባሎት የተባሉ ሦስት ሰዎች ሚነራልስ ሴፓሬሽን በሚባል የለንደን ኩባንያ ስም ያስመዘገቡት ነገር ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፤ ዘይቱን ቀንሱ አሉ። ከዓለቱ ክብደት ከ1 በመቶ በታች አድርጋችሁ ጭቃውን በኃይል አማስሉት፤ አየሩ ራሱ ማዕድኑን ያነሳዋል። በዚህች ትንሽ ቁጥር ላይ በአሜሪካ ለዓመታት ክስ ተካሄደባት፤ በ1916 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ያጸናው ለዚያ ትንሽ የዘይት መጠን ነው። ፈጠራው ማነሱ ላይ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ አይርቅም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አይሆንልኝም። በብሮክን ሂል አረፋ ለማስነሳት ከተጠቀሙባቸው ዘይቶች አንዱ የባሕር ዛፍ ዘይት ነበር። እኛ አገር ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ለማገዶና ለቤት ማገር መጥቶ እንጦጦን ሲያለብስ፣ በትውልድ አገሩ የአጎቱ ልጅ ዚንክ ያወጣ ነበር። የአጎቱ ልጅ ያልኩት አለምክንያት አይደለም። ለማዕድን የሚመረጠው ዘይት እኛ ለጉንፋን ከምንታጠንበት ነጭ ባሕር ዛፍ አይወጣም፤ ፌላንድሪን የተባለ ንጥረ ነገር ከሚበዛባቸው ሌሎች የባሕር ዛፍ ዓይነቶች ነው የሚገኘው።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

አሁን ወደ ጋኑ ውስጥ እንግባ። ፍሎቴሽን የሚካሄድበት ጋን መሐሉ ላይ የሚሽከረከር መቅዘፊያ አለው። ዓለቱ አስቀድሞ በወፍጮ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ደቅቋል፤ እያንዳንዱ ቅንጣት በተቻለ መጠን ወይ ማዕድን ብቻ ወይ ድንጋይ ብቻ እንዲሆን። ከታች አየር ይገባል፤ መቅዘፊያው አየሩን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ወደሆኑ አረፋዎች ይበታትነዋል። አረፋዎቹ ወደ ላይ ሲወጡ ከሚሊዮን ቅንጣቶች ጋር ይጋጫሉ። የትኛው ይጣበቅባቸዋል?

መልሱ የቅንጣቱ ገጽ ከውሃ ጋር ባለው ጠባይ ላይ ነው። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ዝናብ ሲነካው ጠብታው አይሰርግም፤ ከላይ ተንከባሎ ይወርዳል። ውሃን እንዲህ የሚገፋ ገጽ ያለው ቅንጣት አረፋ ሲያገኝ ከውሃው ይልቅ አየሩን ይመርጣል፤ ተጣብቆ ይወጣል። ውሃ የሚወድ ገጽ ያለው በቀጭን የውሃ ልብስ ተሸፍኖ ስለሚኖር አረፋው ነክቶት ያልፋል። አብዛኞቹ ማዕድናት ውሃ ወዳድ ናቸው። ግራፋይት፣ ታልክና ሞሊብዴናይት በተፈጥሯቸው ውሃ ከሚጠሉት ጥቂቶች መካከል ይጠቀሳሉ። ስለዚህ የኬሚካሉ ሥራ ድንጋይ ማንሳት አይደለም፤ የሚያነሳው አረፋው ነው። ኬሚካሉ የሚያደርገው የትኛው ማዕድን ውሃ እንዲጠላ፣ የትኛው ደግሞ እንደወደደ እንዲቆይ መወሰን ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ኬሚካል ሰብሳቢ ይባላል፤ በሥራ ቦታ ኮሌክተር ሲሉት ትሰማላችሁ። ዘይቶቹን ጡረታ ያስወጣቸው ሰብሳቢ ዛንቴት ነው። ዛንቴት በኬሚስቶች ዘንድ አዲስ አልነበረም፤ ዴንማርካዊው ዛይዘ በ1820ዎቹ ሠርተውት ነበር። አንድ መቶ ዓመት ያህል ያለ ሥራ ከተቀመጠ በኋላ ኮርኔልየስ ኬለር የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ ሰው በ1925 ለፍሎቴሽን እንደሚውል ፓተንት አወጡበት። የሚሠራውም ከአልኮል፣ ከካርቦን ዳይሰልፋይድና ከኮስቲክ ሶዳ ነው።

የዛንቴት ሞለኪዩል ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ጫፍ ድኝ ያለበት ነው፤ በማዕድኑ ገጽ ላይ ያለውን ብረታ ብረት ይይዛል። ሌላው ጫፍ የአልኮሉ ጅራት ነው፤ ውሃ ይጠላል። ድኛማው ጫፍ ማዕድኑ ላይ ሲጣበቅ ጅራቱ ወደ ውጭ ይዞራል፣ ቅንጣቱም ውሃ የሚገፋ ልብስ ይለብሳል። በሚገባ የሚይዘው ሰልፋይዶችን ስለሆነ ኳርትዝና ሮዶናይት አይነካቸውም፤ የብሮክን ሂል ሰዎች በክብደት ያጡትን ልዩነት እዚህ አገኙት።

የጅራቱ ርዝመት ትልቅ ቁም ነገር ነው። ሁለት ካርቦን ያለው ኤታይል ዛንቴት ደካማ ቢሆንም መራጭ ነው። አምስት ካርቦን ያለው አሚል ዛንቴት ብርቱ ነው፤ ግማሽ የተቃጠለውን፣ ሻካራውን ቅንጣት ሳይቀር ይጎትታል፤ ግን ፓይራይትንም አብሮ ይጎትታል። መጠኑን በተመለከተ ለአንድ ቶን ዓለት ከ20 እስከ 100 ግራም የተለመደ ነው። በቀን 1,000 ቶን የሚፈጭ ማጣሪያ በቶን 50 ግራም ቢጠቀም የቀኑ ፍጆታ 50 ኪሎ ነው። ከአንድ ሺህ ቶን ድንጋይ ጎን ስታስቀምጡት ምንም አይደለም፤ የሚሸፍነው ገጹን ብቻ ስለሆነ ይበቃል።

(አጭር ቆም)

አሁን ወደ ዋናው እንቆቅልሽ። ዛንቴት ጋሌናን በደስታ ይይዛል፤ ስፋለራይትን ግን አይዝም ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ዛንቴት ከዚንክ ጋር የሚሠራው ውህድ፣ በተለይ ጅራቱ አጭር ሲሆን፣ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ገጹ ላይ አይቆይም። ከእርሳስና ከመዳብ ጋር የሚሠራው ግን በቀላሉ አይሟሟም። ታዲያ ስፋለራይቱን እንዴት እናንሳው?

መልሱን በ1913 አካባቢ የሰጡት የብሮክን ሂሉ የብረታ ብረት ሊቅ ሌስሊ ብራድፎርድ ናቸው፤ ኋላ ከብሮክን ሂል ማዕድን ኩባንያዎች አንዱ የሆነው የቢኤችፒ ዋና ሥራ አስኪያጅ ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው። ብራድፎርድ ኮፐር ሰልፌት ጨመሩ፤ ገበሬ በወይንና በቲማቲም ላይ ለሻጋታ የሚረጨው ያ ሰማያዊ ጨው። ከጨው የተሟሟው መዳብ ስፋለራይቱን ሲያገኝ ከገጹ ላይ ዚንክ እያስለቀቀ እሱ በቦታው ይቀመጣል፤ አንድ መዳብ ሲገባ አንድ ዚንክ ይወጣል። ቅንጣቱ ውስጡ ዚንክ እንደሆነ ነው፤ ከላይ ግን የመዳብ ሰልፋይድ ቆዳ ለብሷል። ዛንቴቱ ደግሞ ውስጡን አይጠይቅም፤ ቆዳውን አይቶ ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ኬሚካል አንቂ፣ ወይም አክቲቬተር ይባላል። የዓለም ዚንክ ማጣሪያዎች ዛሬም የሚሠሩት በዚሁ ነው፤ በመቶ ዓመት ውስጥ የሚተካው አልመጣም።

አሁን ደግሞ ይህ መፍትሔ የሚያመጣውን ጣጣ ስሙ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። መዳብ ስፋለራይትን ለማንቃት እኛ እስክንጨምረው አይጠብቅም። በዓለቱ ውስጥ ራሱ በቀላሉ የሚሟሟ የመዳብ ማዕድን ካለ፣ ወፍጮው ውስጥ ገና ሲፈጭ መዳቡ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ስፋለራይቱም ማንም ሳያዘው ይነቃል። ከዚያ እርሳሱን ወይም መዳቡን ለብቻ ለማንሳት ስትፈልጉ ዚንኩ ሳይጠራ አብሮ ይነሳል። የእርሳስ ገዢው ዚንክ አይፈልግም፤ የመዳብ ገዢው ዚንክ ሲያገኝ ከዋጋው ይቀንሳል። በማጣሪያ ውስጥ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ማንም ያልጨመረው ኬሚካል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህ ነገር ለእኛ አካባቢ ሩቅ ወሬ አይደለም። በጎረቤት ኤርትራ የቢሻ ማዕድን ከላይ ወደ ታች ሦስት ንብርብር ነበረው፤ ከላይ ወርቅ፣ ከመካከል ዝናብ ያበለጸገው መዳብ፣ ከታች ያልተነካ የመዳብና የዚንክ ሰልፋይድ። ምርቱም ያንን ተከትሎ ሄደ፤ ወርቅ በ2011፣ የመዳብ ኮንሰንትሬት፣ ማለትም የተጣራው የማዕድን ዱቄት፣ በ2013፣ የዚንክ በ2016። የመካከሉ ንብርብር መዳብ በቀላሉ የሚሟሟው ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለው ንብርብር ከዚንኩ ጋር በተገናኘበት ቦታ ሁሉ አሁን የነገርኳችሁ ጣጣ ይጠበቃል። የቢሻን ዓለት የያዘው የአረብና የኑቢያ ጋሻ የሚባለው ጥንታዊ ምድር ደግሞ በትግራይና በምዕራብ ኢትዮጵያ በኩል ይቀጥላል፤ በትግራይ እንደ ተራኪምቲ ያሉ ተመሳሳይ የሰልፋይድ ክምችቶች ተጠንተዋል። የማዕድን ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ትምህርት ነገ በገዛ አገራችሁ ትፈልጉታላችሁ።

ሳይጠራ የሚነቃውን ለማስተኛት ሦስተኛው ዓይነት ኬሚካል አለ፤ አፋኝ። በ1922 በአሜሪካ ሞንታና ሸሪዳንና ግሪስወልድ የተባሉ ሰዎች ጥቂት ሳያናይድና ዚንክ ሰልፌት አንድ ላይ ሲጨመሩ ጋሌናው እየተነሳ ስፋለራይቱ እንደሚቀር አሳዩ። ሳያናይድ የተሟሟውን መዳብ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ስፋለራይቱ ላይ ያረፈውንም ይላጫል። ዛንቴቱ የሚይዘው ያጣል። ከዚያ ወዲህ የእርሳስና የዚንክ ማጣሪያ ሥርዓት አንድ ሆኗል፤ መጀመሪያ ዚንኩን አፍኖ እርሳሱን ማንሳት፣ ቀጥሎ ኮፐር ሰልፌት ጨምሮ የታፈነውን ዚንክ ማንቃት። አንዱን ማዕድን አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ አስተኝቶ መቀስቀስ ማለት ነው።

ለፓይራይት የሚሰጠው አፋኝ ደግሞ በየግንባታው የምታውቁት ኖራ ነው። ኖራ የጭቃውን ፒኤች፣ የአሲድነትና የአልካሊነት ልኩን ማለት ነው፣ ከፍ ያደርጋል፤ ወደ 11 ገደማ ሲደርስ የፓይራይቱ ገጽ ውሃ በሚወድ የብረት ሃይድሮክሳይድና በካልሲየም ይሸፈናል፣ ዛንቴትም ይንሸራተትበታል። ርካሽ ስለሆነ በቶን ኪሎ ሁለት ኪሎ ቢገባ ብዙ አይከፋም። ጋሌና ግን የኖራ ብዛት አይወድም፤ በእርሳሱ ክፍል ፒኤቹን ከ8 እስከ 9 ተኩል መካከል መያዝ፣ በኖራ ፋንታም ሶዳ አሽ መጠቀም የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ስለ አረፋ ፈጣሪው ብዙ አልልም። የድሮው የባሕር ዛፍ ዘይትና የጥድ ዘይት ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ከፋብሪካ የሚወጣ አልኮል ነው፤ በቶን ጥቂት አሥር ግራም። አረፋውን ትንንሽ ያደርጋል፣ ከላይም ማዕድኑ እስኪቀዳ ድረስ እንዳይፈርስ ይይዘዋል። ሲበዛ አረፋው ከጋኑ ሞልቶ ወለሉን ያለብሳል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ውሃ ይዞ ይወጣል፤ ውሃው ደግሞ ማንም ያልመረጠውን ደቃቅ ድንጋይ።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። 1,000 ቶን ዓለት ገባ፤ 5 በመቶው ዚንክ ነው። እንግዲህ 50 ቶን ዚንክ አለን። ከአረፋው 90 ቶን ኮንሰንትሬት ሰበሰብን፤ ግማሹ ዚንክ ነው፤ 45 ቶን። 45 ከ50 ውስጥ 90 በመቶ ነው። ይህን ነው ሪከቨሪ የሚሉት፤ ከገባው ብረት ውስጥ የዳነው እጅ። የቀረው 5 ቶን ዚንክ ከ910 ቶን ቅሪት ጋር ቅሪት ወደሚጠራቀምበት ግድብ ሄደ።

የሌሊቱ ፈረቃ ኃላፊ ይህ 5 ቶን አንገበገበውና ሰብሳቢውንም አረፋ ፈጣሪውንም ጨመረ እንበል። አሁን 120 ቶን ኮንሰንትሬት ተሰበሰበ፤ በውስጡ 47 ቶን ዚንክ አለ። ሪከቨሪው 94 በመቶ ሆነ፤ ጠዋት ሪፖርቱ ያምራል። ጥራቱን ግን አስሉት፤ 47ን ለ120 ስታካፍሉ 39 በመቶ ነው። ያገኘው 2 ቶን ዚንክ ነው፤ አብሮ የጫነው 28 ቶን በአብዛኛው ፓይራይትና ድንጋይ ነው። ይህ ሁሉ በመኪና ተጭኖ፣ በመርከብ ተጉዞ፣ አቅላጩ ጋ ሲደርስ ወይ ይመለሳል ወይ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ለዚህ ነው ሪከቨሪ ብቻውን ሲነገረኝ የማልቀበለው፤ ጥራቱ ስንት ሆኖ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ሪከቨሪ ሲወርድ የኬሚካሉን ቧንቧ ከመክፈት በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው ተራው ነው። ኮፐር ሰልፌቱ ከዛንቴቱ ቀድሞ ገብቶ ጥቂት ደቂቃ ማግኘት አለበት። አንድ ላይ ከተደፉ ሁለቱ ውሃው ውስጥ እርስ በርስ ተያይዘው ቢጫ ዝቃጭ ይሆናሉ፤ ማዕድኑ ጋ የሚደርስ ትንሽ ነው፣ ገንዘቡ ግን የሁለቱም ወጥቷል። ተራውን ማስተካከል ምንም አያስወጣም፤ ግን በብዙ ቦታ መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰበው።

ሁለተኛው ዓለቱ ራሱ የት እንደከረመ ነው። ሰልፋይድ ዓለት ተቆፍሮ ክረምቱን በዝናብ፣ በጋውን በፀሐይ ደጅ ከተከመረ ገጹ ይቃጠላል። ዛንቴት የተቃጠለ ገጽ አይወድም። አንዳንድ ማጣሪያዎች ሶዲየም ሰልፋይድ ጨምረው ገጹን እንደገና ድኛማ ያደርጉታል፤ ይህም የሚለካው በጥንቃቄ ነው፣ ትንሽ ካለፈ ራሱ አፋኝ ሆኖ ያርፋል። ከዚያ ይልቅ ትኩሱን ዓለት መፍጨት ይሻላል።

ደግሞ ውሃው አለ። ከቅሪት ግድብ ተመልሶ የሚመጣ ውሃ የትናንቱን ኬሚካል፣ የትናንቱን መዳብ ይዞ ነው የሚመጣው፤ እርሳስ ክፍል ሲገባ ያንን ያልተጠራ መንቃት ያስከትላል። በውሃ የተቸገሩ የቺሊ የመዳብ ማጣሪያዎች የባሕር ውሃ ሲጠቀሙ ሌላ ጉድ ገጠማቸው። ፓይራይት ለማፈን ኖራ ሲጨምሩ፣ ፒኤቹ ወደ 10 ሲጠጋ የባሕሩ ማግኒዥየም እየረጋ ማዕድኑን ይሸፍናል፤ ኖራውንም ይበላል። መቶ ዓመት የታመነ አፋኝ ውሃው ሲቀየር ጠላት ሆነ። ወፍጮው ውስጥ ያሉት የብረት ኳሶችም እየተፋቁ ዝገታቸውን በጋሌና ላይ ይለጥፋሉ፤ ዓለቱን ሲፈጩ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ዛንቴት ደግሞ ለመያዝ ጥቂት ኦክስጅን ይፈልጋል። አንዳንድ ቦታ ኳሶቹን ክሮም በበዛባቸው መቀየር ብቻውን ከማንኛውም አዲስ ኬሚካል የበለጠ ሠርቷል።

አሁን ስለ አደጋው፤ ማጣሪያ ውስጥ የምትሠሩ ወይም ልትሠሩ ያሰባችሁ ይህንን ክፍል ልብ በሉ። ዛንቴት ሲረጥብና ሲሞቅ ይበሰብሳል፤ ከመነሻዎቹ አንዱ የነበረው ካርቦን ዳይሰልፋይድ ተመልሶ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከባድ ነው፣ ወለል ላይ ይተኛል፣ ነርቭ ይጎዳል፤ ደግሞም ክብሪት አያስፈልገውም፤ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሞቀ የእንፋሎት ቧንቧ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ስለዚህ በርሜሉ ደረቅ፣ ቀዝቃዛና አየር የሚገባበት ቦታ ይቀመጥ፤ የተበጠበጠው ጋን ክዳኑ ሲከፈት ፊታችሁን አታስገቡ፤ አሲድ በአጠገቡ አይቀመጥ። ሳያናይድ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ሳያናይድ የሚጨመርበት ጭቃ ፒኤቹ ከ10 በታች እንዳይወርድ ብዙ ቦታ የሚታዘዘው ለዚህ ነው፤ በእርሳሱ ክፍል ዝቅ ብሎ መሥራት ግድ ሲሆን ደግሞ መጠኑ በጣም ትንሽ፣ የአየር ማስወጫውና የጋዝ መለኪያው ደግሞ ያለማቋረጥ የሚሠራ መሆን አለበት። ሳያናይድ ወርቅና ብርንም ያሟሟል፤ ዓለታችሁ ወርቅ ካለው፣ ዚንክ ለማፈን የጨመራችሁት ወርቁን በውሃው ይዞ ይሄዳል። ብዙ ማጣሪያዎች ሳያናይዱን ትተው ዚንክ ሰልፌቱን ከሰልፋይት ጋር ወደ መጠቀም የዞሩት በአንድ በኩል ለሠራተኛው፣ በሌላ በኩል ለዚህ ወርቅ ብለው ነው።

ዛንቴት ዓሣም ይገድላል፤ ጥቂት መጠን ይበቃል። የቅሪት ግድቡ ውሃ ወደ ወንዝ የሚሄድበት ቦታ ካለ ጉዳዩ የማጣሪያው ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ ከታች ከብት የሚያጠጣው ሰው ጉዳይ ይሆናል። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የምንመለስበትም ርዕስ ይህ ነው፤ የቅሪት ግድብ እንዴት እንደሚሠራና ውሃው ከመለቀቁ በፊት ምን እንደሚደረግለት። እስከዚያ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን። ደህና እደሩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)